የአያቴ ገበቴ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ

እኔ በዓል ሲመጣ አደብ የለኝም። ጳጉሜ ስትገባ እንቅልፌ ይሸሻል፣ አፌ አያርፍም፣ እጄ ያገኘውን ሁሉ ልወልውል ይላል። እናቴ «አንቺን የወለድኩሽ በዋዜማ መሆን አለበት» ትለኛለች። ስለዚህ ጎሬ ያለችው ትንሿ ሙዚየማችን የመስቀል ሰሞን ዝግጅት ስታደርግ እኔ እንድመራው የተወሰነ ዕለት ምን እንደሆንኩ መገመት አያስቸግርም። በማግስቱ ከመቱ ወደ ጎሬ ስወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ «መስከረም አሥራ ስድስት እንዳትቀሩ» እያልኩ ነው የሄድኩት። ረዳቱ ሒሳብ መቀበሉን ትቶ እኔን ያዳምጥ ነበር።

ሙዚየም ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ የቡና መጋዘን የነበሩ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ከፊታቸው የእንጨት በረንዳና ሣር የበዛበት ግቢ አለ። አንደኛው ክፍል የከተማው ነው፦ የቡና ሚዛን፣ እጀታው የሚዞር ስልክ፣ ጎሬ የጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎች። ሁለተኛው የገጠሩ ነው፦ ዛፍ ላይ የሚሰቀል የማር ቀፎ፣ ኮርቻ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የወተት ጮጮ። ሠራተኞቹም ሁለት ነን። እኔ ዕቃ እመዘግባለሁ፣ መግለጫ እጽፋለሁ፣ እንግዳ አስጎበኛለሁ። ኃላፊያችን ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ጋሼ ወንበራቸውን በረንዳው ላይ አድርገው ጉሙን ያያሉ። ጎሬ ላይ ጉም ስለማያልቅ ሥራ ፈትተው አያውቁም።

ዝግጅቱን የያዝኩት ለደመራው ዕለት ጠዋት ነበር፤ ሰው ከሰዓት በኋላ ወደ ደመራው ከመሄዱ በፊት ይየን ብዬ። የትምህርት ቤት ልጆች ከበሮ ይመታሉ፣ አንድ ማር ቆራጭ ቀፎ እንዴት ዛፍ ላይ እንደሚወጣ ያሳያሉ፣ ሴት ተማሪዎች ገንፎ አቅርበው የመስቀልን አበላል ያሳያሉ። ፕሮግራሙን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፌ በየሱቁ በር ለጠፍኩ። አንዱን ሥጋ ቤት ላይ ስለጥፍ ባለቤቱ «ይኼ ሁሉ ለሁለት ክፍል ነው?» አለኝ። ተናደድኩና ሁለተኛ ወረቀት ጨመርኩለት።

ድንኳን ያስፈልገን ነበር፤ መስከረም ቢጠባም የጎሬ ዝናብ ቀን አይቆጥርም። የሰፈሩን እድር ለመንን፣ ሰጡን። በመስከረም አሥራ አራት ጠዋት ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ በተተከለ በግማሽ ሰዓት ሦስት እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንደኛዋ ገና ከበሩ ደረቷን እየደቃች «ወይኔ ጋሼ፣ ወይኔ ጋሼ» እያሉ ገቡ። ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ገና ነኝ» አሉ ተረጋግተው። «ሲደርስ አስጠራችኋለሁ።»

ሦስቱም አፍረው መሄድ አቃታቸውና ግቢውን ሲጠርጉልን ዋሉ። እኔ እየሳቅኩ የአደይ አበባ በበረንዳው አጥር ላይ አስር ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል ውሸት የለውም። አክስቴ የመጡት ያኔ ነው።

ስለ አክስቴ ከመናገሬ በፊት ስለ ገበቴው ልናገር። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ የሶር ሰው ነበሩ፤ ቤታቸው ከሶር ፏፏቴ ማዶ ነበር፣ ድምፁ እስከ ጓዳ ይሰማል። ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ስድስት ሰው ከቦ የሚበላበት ሰፊ ገበቴ ነበራቸው። መስቀል ሲደርስ ገንፎው እሱ ላይ ይገለበጣል፣ መሐሉ ይጎደጎዳል፣ በርበሬ የገባበት ቅቤ ይሞላል። ማንም እጁን ከመስደዱ በፊት ግን አያቴ ዙሪያውን እያዩ «ሆዱ ውስጥ የቀረ ያለው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። የተቀየመ ሰው ቅያሜውን እዚያው ይናገራል፤ ሳይናገር የቆረሰ ዓመቱ አይባረክለትም ይባላል። እኔ ልጅ ሆኜ ጥያቄውን አልወደውም ነበር። ቅያሜ የበዛበት ዓመት ገንፎው ድንጋይ እስኪሆን እንጠብቃለን።

አያቴ ሲደክሙ እናቴ መቱ አምጥታ ሁለት ዓመት አስታመመቻቸው። ያረፉት በክረምት ነው፤ የተቀበሩት ሶር፣ መንደራቸው። ታላቋ ልጃቸው፣ ጎሬ የሚኖሩት አክስቴ፣ ለቀብሩ አልደረሱም፤ ስልክ አልሠራም ነበር ተባለ። ከተዝካሩ በኋላ ገበቴው ጠብ አመጣ። አክስቴ «ታላቅ እኔ ነኝ፣ ለእኔ ይገባል» አሉ። እናቴ «ያስታመምኩ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ መነጋገር ቀረ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «እትዬ» ስትላቸው የኖረችውን እህቷን «ያቺ ሴትዮ» ማለት ጀመረች። አክስቴም «እናትሽ» ብቻ ይሏት ጀመር። የሁለቱ መልእክተኛ እኔ ሆንኩ፤ መቱ እኖራለሁ፣ ጎሬ እሠራለሁ፣ ሁለቱም ሌላዋ ምን እንዳለች ይጠይቁኛል፣ የነገርኳቸው ደግሞ ሁልጊዜ ያናድዳቸዋል። ሁለት መስቀል እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ገበቴው ለሁለቱም አይሁን፣ ሙዚየም ይግባ። ለእናቴ «ለእሳቸው አይደርስም» አልኳት። ለአክስቴ «ለእሷ አይደርስም» አልኳቸው። ሁለቱም ደስ አላቸው። ጋቢ ጠቅልዬበት በሚኒባስ ጎሬ አመጣሁት፣ መግለጫ ጻፍኩለት፣ ከኮርቻው አጠገብ ቁጭ አደረግሁት። በራሴ ብልህነት ሳምንቱን ሙሉ ስደነቅ ሰነበትኩ።

እና አክስቴ በዚያ ጠዋት መጡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በረንዳው ላይ አረፍ አሉና ጎንበስ ብለው ነገሩኝ። መስቀል ውሎ በሁለተኛው ቀን ልጃቸው ሊወስዳቸው ይመጣል፤ ከእንግዲህ ኑሯቸው ጅማ ነው፤ የጎሬ ብርድ አልሆናቸውም።

«ገበቴውን ለመስቀል አንድ ቀን ስጪኝ» አሉ። «እናትሽንም ጥሪያት። ከመጣች መጣች፤ ካልመጣችም ጠርቻት ነበር ልበል።»

ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ነገር በእግሩ መጥቶ በረንዳዬ ላይ ተቀምጧል። «ነገ ጠዋት ይምጡ፣ አዘጋጅቼ እጠብቅዎታለሁ» ብዬ እየሮጥኩ ወደ መዝገቡ ሄድኩ። ጋሼ ከኋላዬ መጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ለገበቴው የቆረጥኩትን ደረሰኝ አንዴ አነበቡ፣ ደገሙት።

«ልጄ፣ ይኼ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ነው» አሉ።

«የአደራ ቅጽ አልቆ ነበር» አልኳቸው። እውነት ነበር። ሰው ዕቃውን በአደራ ሲሰጠን የምንሞላው ሌላ ቅጽ አለን፤ ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይወስዳል። ያን ቀን እሱ አልቆ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ልጨርስ ብዬ ተጣድፌ ያገኘሁትን ቆረጥኩ። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ግን ወንበር ሲገዛ፣ ወረቀት ሲገባ የሚቆረጥ የንብረት ገቢ ነው። እሱ የተቆረጠለት ዕቃ የመንግሥት ነው። ለማስወጣት ሞዴል ሃያ ሁለት ይፈልጋል፣ እሱን የሚፈርሙት ደግሞ መቱ ነው ያሉት፣ እሳቸውም ለበዓል አገራቸው ገብተዋል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ ጋሼ፤ ሌላ የሚሉት ጠፍቷቸው ነው እንጂ ተረት አይወዱም።

ያን ዕለት ወደ ማታ እቤት ስገባ እናቴ በርበሬ ትነፋ ነበር። አክስቴ ጅማ ሊሄዱ እንደሆነ ነገርኳት። ወንፊቱ ቆመ። «ለመቼ?» አለች። ነገርኳት፤ ለመስቀል እንደጠሯትም ጨመርኩ። ወንፊቱን መልሳ አንሥታ ጥቂት ነፋችና «ነገ ራሴ መጥቼ ገበቴውን እወስደዋለሁ፤ ያቺን ሴትዮ ጥሪያት፣ እዚህ ትምጣና ትብላ» አለች። ሞዴል አሥራ ዘጠኝን መናገር አቃተኝ። ቀላል አልነበረም፤ ሁለት ሰው በአንድ ቀን ሊታረቁ ሲሉ የሚያስታርቃቸውን ዕቃ ለመንግሥት የሰጠሁ እኔ ነኝ።

በማግስቱ እናቴ ስትደርስ አክስቴ ቀድመው ገበቴው ፊት ቆመው ነበር። ሰላምታ የለም። አክስቴ ወደ ቀፎው ዞሩ፣ እናቴ ወደ ኮርቻው። ለማያውቅ ሰው ሁለት ትጉህ ጎብኚዎች ይመስላሉ።

«ጠቅልይልኝ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ» አለች እናቴ ለእኔ።

«ለእኔ ነው ቃል የገባችው» አሉ አክስቴ፣ ለቀፎው።

«ለማንኛችሁም መስጠት አልችልም» አልኩ። «ስመዘግብ ተሳስቼ የመንግሥት ንብረት አድርጌዋለሁ። ከዚህ ግቢ አይወጣም።»

ሁለቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ።

«የእናታችንን ገበቴ?» አሉ አክስቴ።

«የእናታችንን ገበቴ ለመንግሥት?» አለች እናቴ።

«ቀድሞስ ማን ላካት?»

«እኔ አልላክኋትም። ራሷ ናት ዘላ የወሰደችው።»

«ከሕፃንነቷም እንዲሁ ናት። ሳትጠየቅ ትሮጣለች።»

«ማንን መስላ ነው ይላሉ?» አለች እናቴ።

አንቱ አለቻቸው። ራሷ አልሰማችውም፣ እኔ ግን ሰማሁ። ለሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ የኖሩ እህትማማቾች እዚያው ቆመው እኔን በመውቀስ አንድ ሆኑ፤ ጥርሴ ስለ በቀለበት ወር ሳይቀር ተነሣ። እንባዬ እየመጣ ነበር፣ ሳቄም እየመጣ ነበር፣ የትኛው እንደሚቀድም አላወቅሁም። ከበሩ ላይ የጋሼ ድምፅ መጣ።

«ደንቡን ደግሜ አነበብኩት» አሉ። «አይወጣም ይላል። አይበላበትም የሚል ግን አላየሁም።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በሩጫ ሆነ። ሴት ተማሪዎቹ ሊያቀርቡት የነበረው የገንፎ ትርኢት ለእናቴና ለአክስቴ ተላለፈ። ገንፎው ቅርብ ስለሆነ አክስቴ ቤት ይገነፋል፣ ቅቤውን እናቴ ከመቱ ታመጣለች። ይህን ሁሉ የተስማሙት አንዳቸው የሌላዋን ፊት ሳያዩ፣ ሁለቱም ወደ ጋሼ እየተናገሩ ነው። ጋሼ እንደ ስልክ እንጨት መሐላቸው ቆመው ነበር። ነገር ግን ሲለያዩ ደኅና ዋይ፣ ደኅና ይዋሉ የለም። አብሮ መገንፋትና አብሮ መብላት ለየቅል መሆናቸውን አውቃለሁ፤ አያቴ ቢኖሩ ያ ጥያቄ ሳይጠየቅ እጅ አይሰደድም።

የደመራው ዕለት ፀሐይ ወጣች። ሰዉ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ግቢውን ሞላው፦ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች፣ ከገበያ በዚያው ጎራ ያሉ ገበሬዎች፣ ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ ከነቤተሰቡ። ሦስቱ እናቶች ነጠላቸውን በትክክል ለብሰው የመጀመሪያውን አግዳሚ ይዘዋል። ከበሮው ተመታ፣ ማር ቆራጩ ቀፎውን በገመድ ሰቀሉ፣ የቡና ሚዛኑ ላይ ልጆች ተራ በተራ ካልተመዘንን አሉ። እኔ ማይክራፎን ይዤ በሁለቱም ቋንቋ እየለፈለፍኩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እሮጣለሁ። አንድ ሰው «አረፍ በይ እንጂ» አለኝ። የት ልረፍ፤ ዓይኔ በሩ ላይ ነው።

አምስት ሰዓት ሲሆን አክስቴ ደረሱ፤ ጎረቤታቸው ድስቱን በጋቢ ጠቅልላ ይዛለች። ወዲያው እናቴ የተነጠረውን ቅቤ በፔርሙዝ ይዛ ገባች። ገበቴውን አውጥቼ ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ገንፎው ተገለበጠ፣ እንፋሎቱ ወጣ፣ አክስቴ በማማሰያ መሐሉን ጎደጎዱ፣ እናቴ ቅቤውን አፈሰሰች። እኔም «ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን ሁለት እህትማማቾች የመስቀልን ገንፎ አበላል ያሳዩናል» አልኩ። ሰዉ ጸጥ አለ።

አክስቴ እጃቸውን አልሰደዱም። ቀና ብለው እህታቸውን አዩ።

«ሆድሽ ውስጥ የቀረ አለ?» አሉ።

ማይክራፎኑ በእጄ እንደ በራ ነበር፤ ማጥፋቱን ረሳሁት። ከአግዳሚው አንዲት ሴት «ድራማ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ተሰማ።

«እትዬ፣ አለ» አለች እናቴ። «ያን ቀን ስልኩ አልሠራም ያልኩት ውሸት አይደለም። ሰው መላክ ግን እችል ነበር። በየሰዓቱ መኪና አለ። ሆን ብዬ ነው ያልላክሁት። ሁለት ዓመት ብቻዬን ሳገላብጣት አንድ ቀን እንኳ መጥተው አላደሩም፤ ከአፈሩ ላይ ይድረሱ ብዬ ነው።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እናቴን ለሁለት ዓመት በገበቴ የተጣላች አድርጌ ነው የማውቃት። አክስቴ ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ነበር፣ ቢሄዱም አልፈርድባቸውም።

«አውቃለሁ» አሉ አክስቴ። «ያኔውኑ ነው ያወቅሁት። ካንቺ አፍ እስኪወጣ ነበር የምጠብቀው።» ደግሞም፣ «እኔም አለኝ። ያልመጣሁት ጉልበቴን ስላመመኝ አይደለም። እማዬን በዚያ ሁኔታ ማየት ፈርቼ ነው። አንቺ ላይ ጣልኩት» አሉ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከገንፎው ዳር ቆረሱ፣ ቅቤው ውስጥ አጠቀሱና ለታናሽ እህታቸው ወደ አፏ ዘረጉ። እናቴ ጎረሰች። እያኘከች ታለቅሳለች። ከኋላ አንዱ አጨበጨበ፣ ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ፤ ልጆቹ ከበሮውን ያዙት፣ አንደኛዋ እናት እልል አለች። ሰዉ እስከ ዛሬ እንዲያ ያለ ድራማ አላየንም ይላል፤ ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ ለፋሲካም ይደገም ብሎ አመልክቷል።

እኔ እያጨበጨብኩ ሳለሁ አክስቴ ዞሩብኝ።

«አንቺስ? ሆድሽ ውስጥ የቀረ የለም?»

የለም ልል ነበር። ዝግጅቱ አምሮልኛል፣ ደስታዬ ሞልቷል፣ ምን ይቀረኛል። ማይክራፎኑን አጠፋሁት።

«ገበቴውን እዚህ ያመጣሁት ላስታርቃችሁ ብዬ አይደለም» አልኩ። «መሐላችሁ መቆም ሰልችቶኝ ነው። ሁለት ዓመት ስለ እሳቸው፣ ስለ እሷ ጠየቃችሁኝ። አንዳችሁም አንቺስ እንዴት ከረምሽ አላላችሁኝም።»

ሁለቱም እኩል ቆረሱ። ሁለቱም እኩል ዘረጉ። የማንኛቸውን ቀድሜ እንደ ጎረስኩ አላስታውስም፤ ቅቤው አገጬ ላይ ሲወርድ ግን ጋሼ ከበረንዳቸው መሐረብ ሲያወጡ አይቻለሁ።

ደመራው ከተለኮሰ በኋላ እናቴን ወደ መቱ ልውሰዳት ብዬ ብፈልጋት፣ «አንቺ ሂጂ» አለችኝ። አክስቴ ክንዷን ይዘዋት ነበር፤ የዕቃ መጠቅለያ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ሻንጣው እንደሚጠብ ይነግሯታል፣ እሷም ልብስ እንዴት እንደሚታጠፍ ታስተምራቸዋለች። እኔ ብቻዬን ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሁለት ዓመት አባክነዋል፣ አክስቴ እስኪሄዱ የቀራቸው ሦስት ሌሊት ነበር፤ እናቴ ሦስቱንም ሌሊት እህቷ ቤት አደረች።